መስመሩን ከምናውቀው ነጥብ እንጀምር

የአንድ ቀጥታ መስመር ተዳፋትና መስመሩ የሚያልፍበት አንድ ነጥብ ከታወቁ የመስመሩን እኩልታ መጻፍ ይቻላል። ይህ በሁለተኛ ደረጃ የሒሳብ ትምህርት ውስጥ የሚታወቅ፣ በፈተናም ብዙ ጊዜ የሚመጣ ጥያቄ ነው። ተማሪዎችን ሳስጠና ደጋግሜ የማየው ግን አብዛኞቹ ጥያቄውን የሚሠሩት በአንድ መንገድ ብቻ መሆኑን ነው፤ መጀመሪያ ዋይ = ኤም ኤክስ + ቢ የሚለውን ቀመር ይጽፋሉ፣ የተሰጣቸውን ነጥብ በቦታው ይተካሉ፣ ቢን ፈልገው ያገኛሉ፣ ከዚያም ቀመሩን እንደገና ይጽፉታል። መንገዱ ትክክል ነው፤ መልሱም ትክክል ይወጣል። ቅር የሚለኝ ነገር በዚህ መንገድ የተሰጠንን ነጥብ ለአንድ አፍታ ብቻ ተጠቅመንበት መጣላችን ነው። በእኔ እምነት ግን የጥያቄው ዋና ሀብት ያ ነጥብ ነው፤ እኩልታውንም በቀጥታ ከእሱ ተነሥቶ መጻፍ ይቀላል፣ ምን እየሠራን እንደሆነም ይበልጥ ግልጽ ያደርግልናል።

ከመቀጠሌ በፊት ምልክቶቹን ላስታውቅ። ኤክስ ስል በአግድሙ ዘንግ ላይ የሚነበበውን ቁጥር፣ ዋይ ስል ደግሞ ወደ ላይ በቆመው ዘንግ ላይ የሚነበበውን ቁጥር ማለቴ ነው። ኤም ተዳፋቱ ነው፣ ማለትም ኤክስ በ1 ሲጨምር ዋይ የሚለወጥበት መጠን፤ ቢ መስመሩ የዋይን ዘንግ የሚያቋርጥበት ቁጥር ነው። ነጥብን ስጽፍ እንደተለመደው በቅንፍ ውስጥ መጀመሪያ ኤክስን፣ ቀጥሎ ዋይን አስቀምጣለሁ።

ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት የአዲስ አበባ ሰፈር የሚኖር ሰው ሮቶ እስኪሞላ መጠበቅን ያውቃል። ውሃው የመጣው ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነው እንበል፤ የቤቱ ባለቤት ግን የነቁት ከ20 ደቂቃ በኋላ ነው፤ ወጥተው ሲያዩ ሮቶው ውስጥ 500 ሊትር አለ። ቧንቧው በደቂቃ 10 ሊትር እንደሚያወርድ ከልምድ ያውቃሉ። ውሃው በመጣበት ሰዓት ሮቶው ውስጥ ስንት ሊትር ቀርቶ እንደነበረ አያውቁም፤ ማወቅም አያስፈልጋቸውም። በሌላ በማንኛውም ደቂቃ ያለውን መጠን ለማወቅ፣ በ20ኛው ደቂቃ 500 ሊትር ነበር፣ ከዚያ ወዲህ ባለፈው በእያንዳንዱ ደቂቃ 10 ሊትር ተጨምሯል ብለው ማሰብ ይበቃቸዋል። በ35ኛው ደቂቃ ላይ 15 ደቂቃ አልፏል፤ ስለዚህ 150 ሊትር ተጨምሮ 650 ሊትር ሆኗል። ይህንኑ ሐሳብ በምልክት ስንጽፈው የሚከተለው ይሆናል፦

ዋይ = 500 + 10(ኤክስ − 20)

ሮቶው 1,000 ሊትር የሚይዝ ከሆነ የቀረው 500 ሊትር 50 ደቂቃ ይፈልጋል፤ በ70ኛው ደቂቃ ይሞላል ማለት ነው። ከዚያ ወዲያ እኩልታው አይሠራም፤ ውሃው ሞልቶ ይፈስሳል እንጂ መጠኑ አይጨምርም። በቅንፉ ውስጥ ያለው ኤክስ − 20 ከምናውቀው ደቂቃ ምን ያህል እንደራቅን የሚናገር ቁጥር ነው፤ በተዳፋቱ ሲባዛ ደግሞ በዚያ ርቀት የተከተለውን ለውጥ ይሰጠናል። ያንን ለውጥ ከምናውቀው መጠን ላይ እንደምራለን። ሥራው በሙሉ ይኸው ነው።

አሁን ደግሞ ቀመሩ ከየት እንደመጣ እንመልከት። ተዳፋት ማለት በመስመሩ ላይ ካለ አንድ ነጥብ ወደ ሌላ ነጥብ ስንሄድ ዋይ የተለወጠበት መጠን ኤክስ ለተለወጠበት መጠን ሲካፈል የሚገኘው ቁጥር ነው። ቀጥታ መስመርን ከጠማማው የሚለየው የትኞቹንም ሁለት ነጥቦች ብንወስድ ይህ ቁጥር የማይለወጥ መሆኑ ነው። እንግዲህ አንደኛውን ነጥብ የተሰጠን የታወቀ ነጥብ እናድርገውና (ኤክስ₁፣ ዋይ₁) እንበለው፤ ሁለተኛውን ግን በመስመሩ ላይ እንደልቡ የሚመላለስ ማንኛውም ነጥብ አድርገን (ኤክስ፣ ዋይ) እንበለው። የተዳፋት ትርጉም እንደሚለው

(ዋይ − ዋይ₁) ÷ (ኤክስ − ኤክስ₁) = ኤም

መሆን አለበት። ሁለቱንም ወገን በኤክስ − ኤክስ₁ ስናባዛ

ዋይ − ዋይ₁ = ኤም(ኤክስ − ኤክስ₁)

እናገኛለን። ስለዚህ ይህ ቀመር ከተዳፋት ትርጉም ተለይቶ ለብቻው የሚሸመደድ አይደለም፤ ራሱ ትርጉሙ ነው። ተዳፋት ምን እንደሆነ የገባው ተማሪ በፈተና ላይ ቀመሩ ቢጠፋው እንኳ በአንድ መስመር ጽሑፍ ሊያወጣው ይችላል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ሳይነሣ የሚታለፍ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። በክፍልፋይ የተጻፈው የመጀመሪያው መልክ የታወቀውን ነጥብ ራሱን አያጠቃልልም፤ በኤክስ ቦታ ኤክስ₁ን፣ በዋይ ቦታ ዋይ₁ን ብናስገባ ላዕሉም ታህቱም ዜሮ ይሆናሉ፣ ዜሮ ለዜሮ ማካፈል ደግሞ ትርጉም የለውም። ካባዛን በኋላ ግን በዚያው ነጥብ ላይ 0 = 0 እናገኛለን፤ ይህ እውነት ነው። ማባዛቱ ጽሑፉን ከማሳመሩ በላይ፣ የተነሣንበትን ነጥብ ራሱን ወደ መስመሩ ይመልሰዋል።

በቁጥር እንሞክረው። ተዳፋቱ 3 የሆነና በ(2፣ 7) የሚያልፍ መስመር ተሰጥቶናል። እኩልታው ወዲያውኑ ይጻፋል፦ ዋይ − 7 = 3(ኤክስ − 2)። ቅንፉን ፈትተን ብናስተካክለው ዋይ = 3ኤክስ + 1 ይሆናል። በዚሁ መስመር ላይ (5፣ 16) የሚባል ሌላ ነጥብ አለ፤ 3 ጊዜ 5 ሲደመር 1 በትክክል 16 ነውና። ከዚህኛው ብንነሣ ዋይ − 16 = 3(ኤክስ − 5) እንጽፋለን፤ ሲፈታ ግን ያው ዋይ = 3ኤክስ + 1 ነው። ሁለት ተማሪዎች በሁለት የተለያዩ ነጥቦች ተነሥተው መልካቸው የማይመሳሰል እኩልታዎች ቢጽፉ ሁለቱም ትክክል ሊሆኑ ይችላሉ። ደብተር ለደብተር አስተያይቶ ‹‹የእኔ ተሳስቷል›› ብሎ ከመሰረዝ በፊት ቅንፎቹን ፈትቶ ማመሳከር ያስፈልጋል።

ተማሪዎችን ከምንም በላይ የሚያሰናክላቸው የኔጋቲቭ ቁጥር ምልክት ነው። ተዳፋቱ −2/3 ሆኖ ነጥቡ (−3፣ 5) ቢሆን፣ በቅንፉ ውስጥ ኤክስ − (−3) ይመጣል፤ ይህም ኤክስ + 3 ነው። እንዲህ ይሠራል፦

ዋይ − 5 = −2/3(ኤክስ + 3)

ዋይ − 5 = −2/3ኤክስ − 2

ዋይ = −2/3ኤክስ + 3

ክፍልፋይ የማይፈልግ ሰው ሁለቱንም ወገን በ3 አባዝቶ 2ኤክስ + 3ዋይ = 9 ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ማረጋገጫው አጭር ነው፤ የተሰጠውን ነጥብ ስንተካ 2 ጊዜ −3 ማለት −6፣ 3 ጊዜ 5 ማለት 15፣ ድምራቸው 9። ይህን ማረጋገጫ አለመዝለልን ለማስጠናቸው ልጆች ሁሉ አጥብቄ እነግራቸዋለሁ፤ የምልክት ስሕተት ካለ በአብዛኛው እዚሁ ላይ ይያዛል።

እስካሁን ያልኩት በመማሪያ መጽሐፍም የሚገኝ ነው። እኔን ወደዚህ ጽሑፍ ያመጣኝ ግን ነጥቡን ራሳችን ስንመርጥ የሚገኘው ጥቅም ነው፤ ለዚህም በሴልሺየስና በፋራናይት መካከል ካለው ዝምድና የተሻለ ምሳሌ አላውቅም።

ዳንኤል ገብርኤል ፋራናይት የሙቀት መለኪያውን ያሳወቀው በ1724 ሲሆን ስዊድናዊው የሥነ ፈለክ ሊቅ አንደርስ ሴልሺየስ የራሱን ያቀረበው በ1742 ነው፤ ዓመቶቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። እኛ አገር የምንጠቀመው በሴልሺየስ ነው፤ አሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ግን የአየሩ ጠባይም፣ የምድጃውም፣ የልጅ ትኩሳትም የሚነገራቸው በፋራናይት ነው። ውሃ በረዶ የሚሆነው በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ወይም በ32 ዲግሪ ፋራናይት ነው፤ በባሕር ጠለል ላይ የሚፈላው ደግሞ በ100 ወይም በ212 ነው። ሴልሺየስን ኤክስ፣ ፋራናይትን ዋይ ብንል ተዳፋቱ 180 ለ100 ሲካፈል የሚገኘው 9/5 ነው። ሁሉም ሰው በትምህርት ቤት የሚማረው እኩልታ

ዋይ = 9/5ኤክስ + 32

ነው። ይህ ከ(0፣ 32) የተነሣ እኩልታ ነው። ነገር ግን ዜሮ ዲግሪን ማን ይፈልገዋል? አዲስ አበባ ያለ ሰው በቀን የሚያውቀው የአየር ሙቀት በ10ና በ30 መካከል ያለ ነው። 10 ዲግሪ ሴልሺየስ ልክ 50 ዲግሪ ፋራናይት ስለሆነ ከ(10፣ 50) ተነሥተን

ዋይ − 50 = 9/5(ኤክስ − 10)

ብንጽፍ ስሌቱን በቃል መሥራት እንችላለን። ተዳፋቱ 9/5 ነው ማለት ሴልሺየሱ በ5 በጨመረ ቁጥር ፋራናይቱ በ9 ይጨምራል ማለት ነው፤ ስለዚህ 15 ዲግሪ 59፣ 20 ዲግሪ 68፣ 25 ዲግሪ 77፣ 30 ዲግሪ 86 ይሆናል። ወረቀትም ስልክም አላስፈለገም። መስመሩ ያው መስመር ነው፤ የተለወጠው የቆምንበት ቦታ ብቻ ነው።

ለትኩሳት ደግሞ ሌላ ነጥብ ይሻላል። የሰውነት ሙቀት ሲነሣ 37 ዲግሪ ሴልሺየስ በፋራናይት 98.6 መሆኑን ብዙ ሰው ያውቀዋል። ከዚህ ስንነሣ ዋይ − 98.6 = 1.8(ኤክስ − 37) ይሆናል፤ ከ37 በላይ ለሚጨምረው ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ 1.8 ዲግሪ ፋራናይት ይጨመራል። 38 ዲግሪ 100.4፣ 39 ዲግሪ 102.2፣ 40 ዲግሪ 104 ነው። ቨርጂኒያ ያለች ልጅ አዲስ አበባ ላሉት እናቷ ደውላ ‹‹እማዬ፣ የልጁ ትኩሳት 102.2 ገባ›› ብትላቸው እናቲቱ በሚያውቁት መለኪያ ለመረዳት የሚያስፈልጋቸው የመልሱ መንገድ ነው፤ ኤክስና ዋይ ቦታ ይለዋወጣሉ፣ ተዳፋቱም ተገልብጦ 5/9 ይሆናል፣ ነጥቡ ግን ያው ነው። 102.2 ከ98.6 በ3.6 ይበልጣል፤ 3.6 በ5/9 ሲባዛ 2 ነው፤ እንግዲያው ልጁ 39 ዲግሪ ትኩሳት አለው። ይህንኑ በ32 በኩል ልሥራ ያለ ሰው መጀመሪያ 70.2ን ያገኛል፣ ከዚያ በ5/9 ያባዛል፤ መልሱ ያው ቢሆንም አንዲት እናት በጭንቀት ሰዓት በቃሏ የምትሠራው ስሌት አይደለም።

ከሁሉም ይልቅ እኔ የምወደው ነጥብ (−40፣ −40) ነው። በዚህ ነጥብ ላይ ሁለቱ መለኪያዎች አንድ ቁጥር ያነባሉ። ከእሱ ስንነሣ ዋይ + 40 = 9/5(ኤክስ + 40) ይሆናል፤ ወደ ሴልሺየስ ለመመለስ ስንፈልግ ደግሞ ኤክስ + 40 = 5/9(ዋይ + 40)። በሁለቱም አቅጣጫ መጀመሪያ 40 ይደመራል፣ በተዳፋቱ ይባዛል፣ በመጨረሻም 40 ይቀነሳል፤ የሚለየው ተዳፋቱ ብቻ ነው። በተለመደው መልክ መቼ 32 እንደሚደመር፣ መቼ እንደሚቀነስ፣ ከማባዛት በፊት ይሁን በኋላ የሚምታታበት ተማሪ ብዙ ነው፤ ይኸኛው መልክ ያንን ግራ መጋባት በሙሉ ያስቀራል።

በዚሁ ታሪክ ውስጥ የኔጋቲቭ ተዳፋት ምሳሌም አለ። ሴልሺየስ መለኪያውን መጀመሪያ ሲያቀርብ ውሃ የሚፈላበትን 0፣ በረዶ የሚሆንበትን 100 አድርጎት ነበር፤ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠው በኋላ ነው። በመጀመሪያው መለኪያ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ሲሞቅ ቁጥሩ ይቀንስ ስለነበር ወደ ፋራናይት የሚወስደው ተዳፋት −9/5 በሆነ፣ የበረዶው ነጥብም (100፣ 32) በሆነ ነበር፤ እኩልታውም ዋይ − 32 = −9/5(ኤክስ − 100)። በኤክስ ቦታ 0 ስናስገባ 32 ሲደመር 180፣ 212 ይወጣል፤ መፍላቱ በቦታው ነው።

እስካሁን ያየናቸው ዝምድናዎች ከዳር እስከ ዳር በትክክል ቀጥታ ነበሩ። በተፈጥሮ ውስጥ የሚበዙት ግን በአንድ ቦታ አካባቢ ብቻ ቀጥታ የሚመስሉ ዝምድናዎች ናቸው፤ እዚያ ላይ ነጥቡ ይበልጥ ይፈለጋል። ከባሕር ጠለል ከፍ ባልን ቁጥር የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውሃ የሚፈላበት ሙቀትም ይቀንሳል፤ ቅነሳው በየ300 ሜትሩ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ነው። አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች ውሃ እዚህ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ደጋ ላይ ባቄላና ሽምብራ ለመብሰል ረዘም ያለ ጊዜ የሚፈልጉት ስለዚህ ነው። ከፍታውን በሜትር ኤክስ ብንለው

ዋይ − 92 = −1/300(ኤክስ − 2400)

ይሆናል። 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ላለችው አዳማ ስንሠራው ኤክስ − 2400 ማለት −700 ነው፤ በ−1/300 ሲባዛ 2.3 ገደማ፣ ከ92 ጋር ሲደመር 94.3 ዲግሪ ይመጣል። 3,000 ሜትር ላይ ደግሞ 90 ይሆናል። ይህ እኩልታ ግምት ነው፤ እውነተኛው ዝምድና በመጠኑ ይጎብጣልና። ከቅንፉ ውስጥ ያለው 2400 ግን ግምቱ ከየት እንደተነሣ ይመሰክራል፤ አንባቢው ከዚያ ከፍታ በራቀ ቁጥር መልሱን በጥንቃቄ መያዝ እንዳለበት ያውቃል። ቅንፉን ፈትተን ዋይ = −1/300ኤክስ + 100 ብለን ብንጽፈው ይህ ምስክርነት ይጠፋል። ከመለካት በኋላ እኩልታ የሚጽፍ ሰው ቅንፉን ለመፍታት ባይቸኩል እመርጣለሁ።

ተዳፋቱ በቀጥታ ሳይሰጥ በሌላ መስመር በኩል የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ትይዩ የሆኑ መስመሮች ተዳፋታቸው እኩል ነው። የዘመን አቆጣጠራችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ይሰጠናል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. በአውሮፓውያኑ ሴፕቴምበር 12 ቀን 2007 ላይ ዋለ። የእኛን ዓመት ኤክስ፣ የእነሱን ዋይ ብንል፣ ሁለቱም በየዓመቱ በ1 ስለሚጨምሩ ተዳፋቱ 1 ነው፤ ከመስከረም እስከ አውሮፓውያኑ አዲስ ዓመት ዋዜማ ድረስ ዋይ − 2007 = ኤክስ − 2000 ይሆናል፣ ልዩነቱም 7 ነው። የእነሱ አዲስ ዓመት ከገባ በኋላ ግን ነጥቡ (2000፣ 2008) ስለሚሆን ልዩነቱ 8 ይሆናል። ሁለት መስመሮች፣ አንድ ተዳፋት፣ የተለያየ ነጥብ፤ ስለዚህ ፈጽሞ አይገናኙም። እርግጥ ዓመቶች ሙሉ ቁጥሮች ስለሆኑ በትክክል የምናገኘው በመስመሮቹ ላይ የተደረደሩ ነጥቦችን ነው።

ቀጤ ነክ ለሆኑ፣ ማለትም በ90 ዲግሪ ለሚቋረጡ መስመሮች፣ አንዳቸው ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የቆመ ካልሆነ በቀር፣ ደንቡ የተዳፋቶቻቸው ብዜት −1 መሆኑ ነው። ከላይ ላገኘነው ዋይ = 3ኤክስ + 1 ቀጤ ነክ ሆኖ በዚያው በ(2፣ 7) የሚያልፈው መስመር ተዳፋቱ −1/3 ነው፤ ዋይ − 7 = −1/3(ኤክስ − 2) ብሎ መጻፍ ብቻ ይቀራል።

አግድም የሆነ መስመር ተዳፋቱ 0 ነው። በ(4፣ 6) የሚያልፍ ከሆነ ዋይ − 6 = 0(ኤክስ − 4)፣ ማለትም ዋይ = 6 ይሆናል፤ ቀመሩ ያለ ችግር ይሠራል። በዚያው ነጥብ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚቆመው መስመር ግን ተዳፋት የለውም፤ ኤክስ ከቶ ስለማይለወጥ ማካፈያው ዜሮ ይሆናልና። ‹‹ተዳፋቱ ዜሮ ነው›› እና ‹‹ተዳፋት የለውም›› የሚሉትን ሁለት አባባሎች ማምታታት በፈተና ላይ ብዙ ነጥብ ያስጥላል። ለዚህ መስመር በተዳፋትና በነጥብ የሚጻፈውም ሆነ ዋይ = ኤም ኤክስ + ቢ የሚለው መልክ አያገለግሉም፤ እኩልታው ኤክስ = 4 ነው። በ2ኤክስ + 3ዋይ = 9 አምሳል ለመጻፍ ለፈለገ ሰው ደግሞ 1ኤክስ + 0ዋይ = 4 ይሆናል፤ ያኛው መልክ አግድሙንም፣ ዘመሙንም፣ ቀጥ ብሎ የቆመውንም መስመር ይይዛል።